ለሁለት የተካፈለ መድኃኒት

ባዩሽ ስትቆጣ ድምፅዋ ከጤና ጣቢያው አጥር አልፎ መንገድ ላይ ያለውን ባለጋሪ ያስደነግጣል። ጤና ረዳት ከሆነች አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ የሳንባ ነቀርሳ ክፍሉም በእሷ እጅ ነው። ጠዋት ጠዋት ሕመምተኞቹን አራቱን ዓይነት መድኃኒት ዓይኗ እያየ ታስውጣቸዋለች። ለምን አራት እንደሆነ ለጠየቃት ሁሉ መልሷ አንድ ነው፤ «ጀርሙ ብዙ ነው። ከመካከሉ አንዱን መድኃኒት የሚቋቋም አይጠፋም። ያንን መድኃኒት ብቻውን ከዋጥክ የተቋቋመው ይተርፍና ይራባል። ከዚህኛው ያመለጠውን ያኛው እንዲገድለው ነው አብረን የምንሰጥህ።»

በ1989 ዓ.ም. ግን ለደበሌ ስትል ሕጉን ጣሰች። ደበሌ ከገረሴ ደጋ ወርዶ በኩልፎ ወንዝ ዳር የሙዝ እርሻ ላይ በቀን ሥራ የሚተዳደር ሰው ነው። የእርሻው አለቃ «ጠዋት ጠዋት የምትቀር ከሆነ እዚያው ቅር» ስላለው አንጀቷን በላትና የሳምንቱን እየቆጠረች በእጁ ትሰጠው ጀመር።

በሦስተኛው ወር አክታው ሲመረመር ጀርሙ እንዳለ ነው።

«መድኃኒቱን ትውጣለህ?» አለችው።

«እውጣለሁ፣ ሲስተር።»

«ሁሉንም?»

ደበሌ መሬት መሬት ያይ ጀመር። «ነጮቹን እኔ። ቀዩን ለአገኘሽ።»

አገኘሽ ሚስቱ ናት።

«እሷም እኮ ታስላለች» አለ። «እያየችኝ ብቻዬን ልዋጥ? ቀዩ ደግሞ ኃይለኛ ነው፤ መጀመሪያ እኔ ስውጠው ሽንቴን ሳይቀር አቅልቶት ነበር። የባሰባት እሷን ስለሆነ እሱን ሰጠኋት።»

ባዩሽ ጮኸች። «ሁለታችሁንም ልትጨርስ ነው! ቀዩ ብቻውን አያድናትም፤ ጀርሙን ነው የሚያለማምድባት! ለምን ይዘሃት አልመጣህም?»

«አምጥቻት ነበር። ሁለት ጊዜ። ካርድ ክፍል ‹ከገረሴ የቀበሌ ወረቀት ካላመጣሽ አትመዘገቢም› ብለው መለሷት።»

ባዩሽ በበሩ ወደ ካርድ ክፍሉ ተመለከተች። ካርድ ክፍሉ ከእሷ በር አሥር እርምጃ አይሞላም። እሷ እዚህ ስለ ጀርም ስትሰብክ፣ ጀርሙን የተሸከመችው ሴት እዚያ ወረቀት ተጠይቃ እያሳለች ወደ ቤቷ ሄዳለች! ታዲያ ማፈር ያለበት ማን ነው? ደበሌማ ያለችውን አካፈለ። መድኃኒቱን መደርደሪያ ሙሉ ይዘው የከለከሉት እነሱ ናቸው።

ጤና ጣቢያውን ወደሚመሩት አቶ ፈቃደ ቢሮ ገባች። አቶ ፈቃደ ከሰሜን ተመድበው የመጡ፣ ከመመሪያ ፈቀቅ የማይሉ ሰው ናቸው። ነገሩን ሰምተው «ሴትዮዋ ወረቀቷን ታምጣ። መድኃኒት ያባከነው ደግሞ ይሰረዛል» አሏት።

«የሚያስለው ወረቀቱ ነው እንዴ፣ አቶ ፈቃደ? ሰውየውን ሲሰርዙት እኮ መድኃኒት የለመደ ጀርም ተሸክሞ ገበያ መሃል ነው የሚገባው!»

«መድኃኒቱን በእጁ የሰጠው ማነው? ሪፖርት ከጻፍኩ ከአንቺ ስም ነው የምጀምረው።»

«ይጻፉ!» አለች። «የአባቴንም ስም እንዳይረሱ!»

በነጋታው አገኘሽን ከቤቷ አምጥታ ያለ ካርድ፣ በራሷ ፊርማ አክታዋን አስመረመረች። ጀርም በጀርም ነበር። ባልና ሚስቱን ይዛ ሆስፒታል ሄደች፤ ሐኪሙም ለሁለቱም አንዱ በመርፌ የሚሰጥ አምስት ዓይነት መድኃኒት አዘዘና ከመጀመሪያው አስጀመራቸው። የእርሻውን አለቃ ደግሞ ባዩሽ ራሷ ሄዳ በሠራተኞቹ ፊት አፋጠጠችው፤ ከዚያ ወዲህ ደበሌ ጠዋት ሲቀር ምንም አላለም።

ለደበሌ ተደረሰለት። አገኘሽ ግን ሳንባዋ ቀድሞ አልቆ ነበርና በአምስተኛው ሳምንት ሞተች።

ባዩሽ ከቀብር ስትመለስ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጠረጴዛዋ ላይ አገኘች። «ለአንድ ሕመምተኛ የተፈቀደ መድኃኒት ላልተመዘገበች ግለሰብ እንዲደርስ ምክንያት በመሆንዎ» ይላል። ቆማ ሁለቴ አነበበችው። ያንገበገባት ማስጠንቀቂያው አልነበረም። ሴትዮዋ ሞታ እንኳን እዚህ ቤት አልተመዘገበችም! እስክሪብቶ አወጣችና «ላልተመዘገበች ግለሰብ» የሚለውን ሰረዘች። ከበላዩ «ለአገኘሽ» ብላ ጻፈችና ከግርጌው ፈረመች።