ባሌና ስምንት እጅ ያላት ሴትዮ

ባሌ ከእኔ ሌላ ሴት አለችው። አትደንግጡ፤ እኔም አልደብቀው፣ እሱም አይክደው። ሴትዮዋ ነጭ ናት፣ ስምንት እጅ አላት፣ የምትኖረውም ፀሐይ ደርሶበት በማያውቅ የባሕር ወለል ላይ ነው። እኔ በሁለት እጄ ስንቱን ችዬ ስኖር፣ እሷ በስምንቱ ልቡን ይዛ አልለቅም አለች።

ባሌ ዶዘር ነጂ ነው። ዕድሜውን መንገድ ሲጠርግ፣ የቤት መሠረት ሲቆፍር ነው የኖረው። ሥራውን ያስተማሩት ሽማግሌ ሹፌር አንድ ነገር አጥብቀው ነግረውታል፦ ሞተር ከማስነሳትህ በፊት ውረድና ማሽኑን ዙረው፤ ሥሩ የተኛ ውሻ ይኖራል፣ ጥላ ፈልጎ የተጋደመ ሠራተኛ ይኖራል። ካየህ "ሰው አለ!" ብለህ ጩህ። ያን ቃል የሰማ ሁሉ ሥራውን ያቆማል። ልማዱ አጥንቱ ውስጥ ገብቶ ቀረ። የጎረቤት መኪና ትንሽ ፈቀቅ አድርግልን ሲሉት እንኳ መጀመሪያ ይዞራታል፣ ጎማዋን በእግሩ መታ መታ ያደርጋል፣ ጎንበስ ብሎ ሥሯን ያያል። ስንጋባ እኔንም ሳይዞረኝ አልቀረም፤ ጠይቄው አላውቅም።

የመርከቡ ሥራ የመጣው መንገድ ሥራ ቀዝቀዝ ባለበት ጊዜ ነው። የአንድ ኩባንያ ሰዎች ከባሕር ወለል ላይ ድንች ድንች የሚያካክሉ ጥቁር ድንጋዮችን እየሳበ የሚለቅም ማሽን ሠርተው ለሙከራ ነጂ ይፈልጋሉ። ድንጋዮቹ ውስጥ ለባትሪ የሚሆን ብረት አለ አሉ። ነጂው ውኃ ውስጥ አይገባም፤ መርከቡ ላይ ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጦ፣ ስክሪን እያየ፣ ማሽኑን በረጅም የኤሌክትሪክ ገመድ ያዝዘዋል። "አቧራ የለ፣ ሐሩር የለ!" ብሎ ደስ ብሎት ሄደ።

እዚያም ልማዱን አልተወም። ወርዶ መዞር ስለማይችል፣ ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት ካሜራውን ከነመብራቱ ዙሪያውን ያዞረዋል። አለቃው "እዚያ ታች ማንን ልታገኝ ነው? አማትህን?" እያለ ይቀልድበት ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት እንደ ልማዱ መብራቱን ሲያዞር፣ ከማሽኑ አፍ ፊት ለፊት አያት። ከአንዱ ጥቁር ድንጋይ ላይ ቀጭን ዘንግ የመሰለ የባሕር ፍጥረት በቅሏል፤ ዘንጉ ላይ የእንቁላል ዘለላ አለ፤ እንቁላሉን ደግሞ አንዲት ነጭ ኦክቶፐስ በስምንት እጇ አቅፋ ተቀምጣለች። ባሌ ምን ቢል ጥሩ ነው? በሬዲዮው "ሰው አለ!" ብሎ ጮኸ።

ወይ ጉድ! መርከቡ በአንድ እግሩ ቆመ። ሞተር ጠፋ፣ ደወል ተደወለ፣ ሐኪሙ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሮጠ፣ ማን ባሕር ገባ ብለው ሰው መቁጠር ያዙ። አለቃው እያለከለከ ክፍሉ ደረሰ።

"የታለ ሰውየው?"

ባሌ ስክሪኑን በጣቱ አሳየው። ከዚያ በኋላ አለቃው ያወረደውን ስድብ ሙሉውን ነግሮኝ አያውቅም። "ሰው አለ" የሚለው ቅጽል ስም ግን ያን ዕለት ወጣለት።

መርከቡ ላይ የባሕር እንስሳት የምታጠና ባለሙያ ነበረች። እሷ ብቻ አልሳቀችም። "ይቺ እናት እስኪፈለፈሉላት ንቅንቅ አትልም" አለችው። "ዓመታት ሊፈጅባት ይችላል፣ ያውም ሳትበላ። ድንጋዩ ከተነሳ ደግሞ ዘንጉ የሚበቅልበት፣ እሷም እንቁላሏን የምታኖርበት የላትም። እነዚህ ድንጋዮች እንደገና እስኪያድጉ ሚሊዮን ዓመታት ነው።"

ባሌ ጠመዘዘ። የተሰመረለትን ቀጥ ያለ መስመር ትቶ በሩቁ ዞሯት አለፈ። ያን ዕለት "አዳንኳት!" ብሎ እራቱን ጥርግ አድርጎ በላ። በማግስቱ ካሜራውን ወደዚያው ቢመልስ ጭጋግ ብቻ ነው። ለካ ማሽኑ ያስነሳው ጭቃ እንደ አቧራ ቦኖ፣ የሚጠርገው ነፋስ የለ፣ የሚያጥበው ዝናብ የለ፣ ቀስ እያለ ይወርዳል። የሚያርፈውም ማሽኑ በረገጠው ቦታ ላይ ብቻ አይደለም። ባለሙያዋን "ትተርፋለች?" ቢላት "አላውቅም፤ እውነቴን ነው" አለችው።

ሙከራው አልቆ ሲመለስ አንጀቴን በላው። እኔ ባሌን ልኬ የመለሱልኝ ኮቱን ነው። ምግብ ፊቱ አቅርቤለት ይረሳዋል። ምንጣፍ ሳራግፍ በመስኮቱ ብርሃን የሚቦነውን አቧራ አፍጥጦ ያያል።

"ምኑን ነው የምታየው?"

"የት እንደሚያርፍ።"

እንዲህ ሆነን ሳለ አለቃው ደወለ። አሁን የሙከራ ሳይሆን የእውነቱ ሥራ ሊጀመር ነው፤ ማሽኑም ከበፊቱ ይገዝፋል፤ እንዳንተ ያለ ነጂ አላገኘንም፣ ከሰዓት መልስህን ንገረኝ አለው። እኔ ሆዬ ጨነቀኝ። አትሂድ እንዳልለው ቤታችን ገና በግማሽ ጣሪያ ነው፤ ሂድ እንዳልለው ደግሞ አሁን ከሄደ ኮቱም አይመለስልኝም። ሲብስብኝ ሻንጣውን ወለሉ ላይ ወረወርኩና ልብሱን እጠቀጥቅ ጀመር።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ለሴትዮህ ልልክህ ነዋ!"

ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀ። ከዚያ ተነሳና ሻንጣውን ዞረው። ከተከፈተው ክዳን በስተጀርባ ቁጭ ብዬ እንባዬን በሸሚዙ ስጠርግ አገኘኝ። ጎንበስ ብሎ አየኝ።

"ሰው አለ" አለ፣ በቀስታ።

ከሰዓት አለቃው መልሶ ሲደውል አጠገቡ ነበርኩ። "አለቃ፣ እዚያ ታች ዞሬ የማየው ከመነሳቴ በፊት ያለውን ብቻ ነው" አለው። "ከተነሳሁ በኋላ አቧራው ማን ላይ እንደሚወርድ አላይም። ሳላይ አልነዳም።"

"ሌላ ሰው ይነዳዋል እኮ!"

"እንግዲያው እሱም ዞሮ እንዲያይ ይንገሩት።"

አሁን እዚሁ አሸዋ ማከማቻ ውስጥ ጫኝ ማሽን ይነዳል። ጣሪያው ያው ግማሽ ነው፤ እኛ ግን ደህና ነን፣ እንዲያውም ደስ ብሎናል። ማታ አሸዋውን ከፀጉሩ ሳራግፍለት እንደ ዱሮው ይለፈልፋል፣ እኔም እንደ ዱሮው እሰድበዋለሁ። አንዳንዴ ብቻ በወሬው መሀል "ያቺ ሴትዮ ፈልፍላ ይሆን?" ይለኛል።

"ፈልፍላለች እንጂ!" እለዋለሁ። "ሁሉም እሷን መስለው ነጫጭ ሆነዋል።"

ከየት አመጣሁት? ውሸቴን እንደሆነ እሱም ያውቃል። ሰንብቶ ግን ደግሞ ይጠይቀኛል።