መላሂው ሳይከፈት

ከቤት ስወጣ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ያን ያህል ኖሬም ከአይከል ወረድ ካለችው መንደራችን ውጭ የማውቀው ገበያውንና ጠበሉን ብቻ ነው። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ከሚወርዱ ሰዎች ጋር ሳይነጋጋ ተነሳን። እናቴ እስከ ወንዙ ሸኘችኝ። አላለቀሰችም። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ "ውሃውን አፍልተሽ ጠጪ" ብቻ አለችኝ። እኔም ሰሊጡ ሲሰበሰብ የምመለስ መስሎኝ ዞር ብዬ እንኳ አልሳምኳት። ሥራው ሲያልቅ ግን አንዷ ጓደኛዬ "ገዳሪፍ እኮ ሴት ልጅ ሥራ አታጣም" አለችኝ። ከመተማ እስከ ሱዳኗ ገላባት ያለው አንድ ድልድይ ነው፤ እኛ በድልድዩ አልሄድንም፤ በታች በኩል፣ በደረቁ ወንዝ ውስጥ ቀሚሳችንን ሰብስበን ተሻገርን። ስደት የሚሉት ይኼ ነው ወይ ብዬ ገረመኝ። አፈሩ ያው፣ እሾሁ ያው፣ የሰዉ አፍ ብቻ ተለወጠብኝ።

ገዳሪፍን ምን ብዬ ልንገራችሁ? ፀሐዩ እንደኛ አገር ቀስ ብሎ አይሞቅም፤ ከመውጣቱ እንደተቆጣ ሰው በሩን በርግዶ ይገባል። ክረምቱ ደግሞ ጥቁር ጭቃ ነው፣ ጫማሽን ከያዘው ትተሽለት መሄድ ነው። ኪስራ የሚባል ምግብ አላቸው፤ እንጀራ ይመስላል ግን ስስ ነው፣ ዓይን የለውም። መጀመሪያ ሰሞን ስበላው የሰው ልብስ የለበስኩ ይመስለኝ ነበር። ሰላምታ ግን ያውቃሉ። ልጁን፣ ቤቱን፣ ዝናቡን ሳይጠይቁ አይለቁሽም፤ ምሳ ላይ ደርሰሽ ሳትቀምሺ ካለፍሽ ይቀየሙሻል። እኛን የሚያስጨንቀን ሰፈሩ ሳይሆን ፖሊሱ ነበር።

እህል ገበያው ዳር ካለ መጋዘን ሰሊጥ ማበጠር ጀመርኩ። እዚያም ሰሊጥ፣ እዚህም ሰሊጥ እያልኩ በራሴ እስቅ ነበር። ከአርማጭሆ የመጣ፣ ጆንያ የሚሸከም ሰው አገባሁና ሰላምን ወለድን። ልጅቱ መዳህ ስትጀምር "ሊቢያ ገብቼ እልክላችኋለሁ" ብሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም። ሞተ እንዳልል ያረዳኝ ሰው የለም።

ሰላም ሰባት ዓመት ሲሞላት ትምህርት ቤት ላስገባት ሄድኩ። መዝጋቢው ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነው።

"የልደት ወረቀቷስ?" አለኝ።

"የለም።"

"የት ተወለደች?"

"እዚሁ ገዳሪፍ።"

"ማን አየ?"

"እኔ አየሁ፤ እዚያው ነበርኩ" አልኩት።

ከልቡ ሳቀ። ዓይኑን ጠራርጎ ሲያበቃ "እህቴ፣ ልጅቱን ልመዝግብ ብልም እኮ አንቺ ራስሽ የለሽም" አለኝ። እጄን አየሁት። የሰሊጥ አቧራ እንኳ አለበት፣ እንዴት የለሁም?

ለእናቴ ደውዬ አለቀስኩላት። "እኔ ጋ ትምጣ፣ እዚህ ትማር" አለችኝ። እኔም እሺ አልኩ። እሺ ማለት በስልክ ቀላል ነው። ወዲያው መተማና ገዳሪፍ ሱቅ ካላቸው ከሼህ ኑሩ ጋር፣ በቦክሲያቸው፣ በዚያች ከኋላዋ ዕቃ በምትጭን መኪና ተጭና ልጅቱን ልትወስድ መጣች። ድንበር ተሻግራ የማታውቅ ሴት! ሰላም በሩ ላይ ተቀብላ በዐረብኛ አንድ ነገር አለቻት።

"ይቺ ልጅ ምን ትላለች?" አለች እናቴ።

"ግቢ፣ አትፈሪ እያለችሽ ነው።"

"በገዛ ልጄ ቤት?" ብላ ሳቀችና ወዲያው ሳቋ ጠፋ።

ሼህ ኑሩ "በኢዱ ማግስት የቀትሩን ዙሁር ሰግጄ እነሳለሁ፤ ያኔ ይዣቸው እመለሳለሁ፤ የቆየ ሰው ካለ ግን አልጠብቅም" አሉኝ። ለሰላም አልነገርናትም። አያቷን ልትሸኝ የምትሄድ፣ ላሞች ዓይታ የምትመለስ መስሏታል። ልነግራት በተነሳሁ ቁጥር ወይ ጸጉሯን እሠራለሁ፣ ወይ ጫማዋን እጠርጋለሁ።

ልጄ ያን ሁሉ ዘመን የምትለምነኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መላሂ። የልጆች መጫወቻ ግቢ ነው። ዥዋዥዌ አለ፣ የሚጋጩ ትንንሽ መኪኖች አሉ፣ ደግሞ ስሙን በአማርኛ የማላውቀው፣ ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሰማይ ደርሶ የሚመለስበት ትልቅ መንኮራኩር አለ። እኛ ሐበሾች እዚያ የምንሄደው ሳይከፈት ነው። ከኔ በፊት የመጡት ናቸው ያስተማሩኝ። ረፋድ ላይ ሰልፉ አጥሩን ዞሮ አስፋልት ይደርሳል። ሰልፍ ባለበት ደግሞ ከሻ አይጠፋም፤ ፖሊስ በመኪና መጥቶ ወረቀት የሌለውን ይለቅማል። አገሬው ቀድሞ የሚመጣው ሰልፍ ጠልቶ ነው፣ እኛ ደግሞ መኪናውን ፈርተን። ቀድሞ ደርሶ፣ ቀድሞ ተሳፍሮ፣ ሕዝቡ ሲመጣ ሹልክ ብሎ መውጣት ነው።

መንኮራኩሩ ወንበር ላይ ሦስት ሰው አብሮ ይቀመጣል። ሰላምን መሐል አድርገን፣ ላይ ስንደርስ፣ ደስ ብሏት እጄን ስትይዝ፣ ያኔ እነግራታለሁ ብዬ ቆረጥኩ። ለሷም ለኔም የሚሻል ቦታ አልታየኝም።

በኢዱ ማግስት ገና ሳይሞቅ ደረስን። ሰው የለም። ጥበቃው ብቻ በሩ ውስጥ በገመድ አልጋው ላይ ተኝቷል። እናቴ በሩን አየች፣ መንገዱን አየች፣ ጎንበስ ብላ ሦስት ድንጋይ ለቀመችና ከበሩ ሥር ደረደረቻቸው።

"ይኼ የኔ፣ ይኼ ያንቺ፣ ይቺ ትንሿ የሰላም።"

በኛ አገር ጠበልም ሆነ ቦኖ ተራ የሚያዘው እንዲህ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ድንጋይሽን ታስቀምጫለሽ፣ ጥላ ሥር ትቀመጫለሽ። የሰው ድንጋይ የሚያልፍ የለም፣ ቢያልፍም ስሙ ይነሳል። እኔም ሱዳን ያን ያህል ኖሬ "እማዬ ተዪው፣ እዚህ አይታወቅም" አላልኳትም። እንዲያውም ድንጋዮቹን ሳይ ሰፈሬ የተቀመጥኩ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ሰላም ሳቀች። "ሐቦባ፣ ድንጋዩ ምን ያደርጋል?" አያቷን እንደ ሱዳን ልጆች ሐቦባ ነው የምትላት።

"አንቺ እስክትመጪ ቦታሽን ይጠብቃል።"

"ድንጋይ እኮ እግር የለውም።"

"ለዚያ እኮ ነው ጥሎሽ የማይሄደው!"

ከመንገዱ ማዶ ኒም ዛፍ ሥር ተቀመጥን። እናቴ ከአገር ያመጣችውን ዳቦ ቆሎ አወጣች። ልጅቱ ቅጠል እየለቀመች ራቅ ስትል ዝቅ ባለ ድምፅ "አንቺም ነይ፣ ሦስታችንም እንሂድ" አለችኝ።

"ምን ይዤ ልግባ እማዬ? ደብተሯንስ ማን ይገዛላታል?"

"እንግዲህ" አለች። ዳቦ ቆሎውን አልቀመሰችም።

ሰዉ መምጣት ጀመረ። አዲስ ልብስ የለበሱ ልጆች፣ ሽቶ ሽቶ የሚሉ እናቶች ከአናት እስከ እግር በሚጠቀለል ቶባቸው። በሩ ላይ ተሰለፉ። እኛ አልተነሳንም። እናቴማ አዘነችላቸው። "ምስኪኖች፣ በፀሐይ ቆሙ፤ ድንጋይ ቢያስቀምጡ ምን አለበት!" ትላለች። የመንኮራኩሩ ሞተር ተንኳኳ፣ በሩ ተከፈተ፣ እኛም ቀሚሳችንን አራግፈን ተረጋግተን ሄድን። ስንደርስ ጥበቃው ድንጋዮቻችንን በእግሩ ጠርጎ ቦይ ውስጥ ከቷቸዋል።

"ተራችን ነው" አልኩት በዐረብኛ።

"የት ነበራችሁ?"

"እዚህ። ድንጋዩ እኛ ነን።"

"አንቺ ሐበሺያ፣ ድንጋዩ ቲኬት ይቆርጣል እንዴ?"

"በኛ አገር ተራ ይይዛል።"

"እንግዲያው ቦይ ውስጥ ገብታችኋል፤ ከዚያ ውጡና ወደ ኋላ ተሰለፉ!" አለ። በሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። እናቴ ዐረብኛ አታውቅም፣ ግን ሳቅ ትርጉም አይፈልግም። ቦዩን ዓይታ "የሰው ተራ በእግር ይረገጣል?" አለች። ለማን እንደምትናገር እንጃ።

ሰልፉ ጫፍ ሄደን ቆምን። ፊታችን ብጫ ቶብ የለበሰች ሴት አራት ልጆች ይዛ ቆማለች። ቀስ ብለን ገፋን። ፀሐዩ አናት ላይ ወጣ። ሰላም መንኮራኩሩ በዞረ ቁጥር በእግር ጣቷ ትቆማለች። እኔ ደግሞ መንገዱን አያለሁ፣ ዙሁር ደረሰ እያልኩ። ግማሽ ያህል እንደደረስን ከኋላ አንድ ልጅ "ከሻ!" ብሎ ጮኸ። መኪናው አጥሩ ጋ ሲቆም አየሁት።

ብጫ ቶቧ ዞረች። ፊቴን አይታ ሁሉን አወቀችው መሰለኝ። "ልጅቱን ስጪኝ፣ እናትሽን ይዘሽ ሂጂ" አለችኝ በሹክሹክታ።

የሰላምን እጅ እጇ ውስጥ አደረግሁት።

"አንቺስ?" አለችኝ ልጄ።

"አንቺ መንኮራኩሩ ላይ ውጪ፤ ስትወርጂ የምነግርሽ ነገር አለ።"

እናቴን ጎትቼ ጭማቂ ሻጩ ዳስ ውስጥ፣ ከጆንያው መጋረጃ ኋላ ገባን። ሻጩ አየንና ብርጭቆውን ማጠቡን ቀጠለ። ፖሊሱ ሰልፉን እያየ መጣ፤ ብጫ ቶቧ ጋ ሲደርስ ቆመ። "ይቺስ?" ሲል ሰማሁት።

"አምስተኛዋ ናት። ምነው፣ ብዙ ልጅ ያስቀናሃል?"

ፖሊሱ ሳቀና አለፈ። ከኛ ወዲያ ከቆሙት ሁለት ወጣቶችን ይዞ ሄደ፣ መኪናው ግን በሩ ላይ እንደቆመ ነው።

በጆንያው ቀዳዳ ልጄ ስትሳፈር አየኋት። በሰው ልጆች መሐል፣ አንዷ ትከሻዋን አቅፋት፣ ወደ ላይ ወጣች።

"የታለች?" አለች እናቴ።

"ያቻት፣ ላይ።"

"ፈርታለች?"

አልፈራችም። እጇን ታውለበልብ ነበር። የምታውለበልበው ወደኛ አልነበረም። የት እንደገባን አላየችም፤ ወደ ኒሙ ዛፍ፣ ቀድሞ ወደተቀመጥንበት ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ዞረች፤ በዞረች ቁጥር ባዶውን ዛፍ ሰላም ትለዋለች። እኔ መጋረጃውን ገልጬ ብወጣ መኪናው እዚያው ነው።

ከመላሂው እንዲወስዷቸው የተቀጣጠርናቸው ሼህ ኑሩ ከሻ እንዳለ ሰምተው ሳይሰግዱ መጡ። በጆንያው ቀዳዳ ስጠራቸው ቦክሲዋን ከዳሱ ኋላ አቁመው "ፍጠኑ፣ አሁን ካልወጣን መንገዱንም ይዘጉታል" አሉ። እናቴን ዕቃው መሐል አስቀመጧት። የገባንበትን ያየችው ብጫ ቶቧ ሰላምን ይዛ በጓሮ በኩል መጣች፣ ልጄን ሰጠችኝና ምስጋናዬን ሳትሰማ ወደ ልጆቿ ሮጠች። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም።

"እማ፣ ቤታችንን አየሁት! ጣሪያው ላይ ያለውን ጎማ አየሁት!" ፊቷ ስኳር በስኳር ሆኗል። አቅፌ ጫንኳት።

"ምን ልትነግሪኝ ነው?"

"በሉ፣ እንሂድ!" አሉ ሼህ ኑሩ።

"ስደውል እነግርሻለሁ" አልኳት።

ቦክሲዋ ወጣች። ልጄ ከጆንያዎቹ በላይ ቆማ፣ ማታ እንደሚመለስ ሰው እየሳቀች፣ እስከ መታጠፊያው ድረስ አየችኝ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ወደ ፊት ነበር የምታየው።

እኔ አሁንም ገዳሪፍ ነኝ። ሰሊጡም አለ። የመጀመሪያው ሰሞን ስደውል ሰላም በዐረብኛ እያለቀሰች "መቼ ነው የምትወስጂኝ?" ትለኝ ነበር። ኋላ በአማርኛ ጠየቀችኝ። ኋላ ደግሞ ስለ ጥጃዋና ስለ ጓደኞቿ ብቻ እያወራችልኝ መጠየቁን ተወችው። ልነግራት ያልኩትን አልነገርኳትም፤ ጊዜው ነግሯታል።

መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ሲከፈት እናቴ ይዛት ሄደች። የልጅቱ እናት ስም ማን ነው ሲሏት የራሷን ስም ሰጠች። የአባት ስም ሲሏት የአባቴን።