ግራ እግር የማትፈልገው መኪና

እልል በሉ፣ ነዳ! ከመካኒሳ አቦ እስከ ጎፋ፣ ደርሶ መልስ ነዳ! ማን? ወጋየሁ ነዋ! የዲንሳ ጋራዥ ዘበኛ፣ ባለ ክራንቹ ወጋየሁ።

ወጋየሁ ጦሩ ከመበተኑ በፊት የወታደር ካሚዮን ሾፌር ነበር። ሰሜን ላይ ካሚዮኑ ፈንጂ ረገጠና የእሱን ግራ እግር ወሰደ፤ ረዳቱን ሞልቱን ግን እንዳለ ወሰደው። ፍሪሲዮን የሚረግጥበት እግር የሌለውን ሾፌር ማን ይቅጠር? ዲንሳ አዝኖለት በር ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ወዲህ የሰው መኪና «ና፣ ና፣ ና፣ በቃ!» እያለ ሲያስገባ ኖረ። ቤቱን የምትይዘው ሚስቱ ብርነሽ ናት፤ የሰው ልብስ እያጠበች። የሌለው እግሩ ያሳክከዋል፤ እጁን ሲሰድ ቦታው ባዶ ነው።

ዛሬ ጠዋት የነጋዴዋ የወይዘሮ ጸሐይወርቅ ፍሪሲዮን የሌላት ኦቶማቲክ መኪና ጋራዡ በር ላይ ሲጥ ብላ ቆመች። ሾፌሩ እንደ ለመደው ፍሪሲዮን የረገጠ መስሎት በግራ እግሩ ፍሬኗን ደፍጥጦት ኖሯል። የሴትዮዋ ግንባር ከመስታወቱ ተላተመ። እዚያው አባረሩት፤ እሱም በንዴት የማርሹን እጀታ በቡጢ ደልቆት ወረደ። ከዚያ በኋላ የእጀታው ቁልፍ አልጫን፣ ማርሹም ከመቆሚያው፣ ከፓርክ አልወጣ አለ።

«ሦስተኛው ሾፌር ነው እኮ! የሁሉንም ግራ እግር ቆርጬ ብጥል!» ብለው ዞር ሲሉ ወጋየሁን አዩና አፋቸውን ያዙ።

«የእኔ ተቆርጦ ያለቀ ነው እትዬ፤ ይሞክሩኝ» አላቸው።

ዲንሳ ከት ብሎ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «ዛሬ ከተነሳች ትሞክራለህ። ካልተነሳች በዕቃ ዋጋ እሸጣታለሁ፤ መረረኝ!»

ዲንሳ እጀታውን እንደ ማንኛውም ማርሽ አዙሮ ሊፈታው ታገለ። ንቅንቅ የለም። መዶሻ ሲያነሳ ወጋየሁ እጁን ያዘው።

«አንተ! ይሄ ብሎን ይኖረዋል እንጂ አይዞርም። ከፊት በኩል ዳብሰው!»

እውነትም ተገኘ። በካቻቢቴ ተፈታ፤ ዲንሳ እጀታውን ወደ ላይ ሲስበው ቁልፉን የምትገፋው ሚጢጢ ስፕሪንግ ተፈናጥራ በመኪናዋ በር ወጣች። ውስጥ የታጠፈውን ዘንግ አቀናው፤ ያለ ስፕሪንጓ ግን ዋጋ የለውም።

«አለቀ። ይቺ ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ሻጮች ጋም አትገኝ» አለ።

ወጋየሁ ክራንቹን ወርውሮ ዘይት በጠጣው አፈር ላይ በሆዱ ተኛ፤ በመዳፉ ይዳብስ ጀመር። እንዲህ አፈር የዳበሰው ያን ቀን ነው፣ ጭሱ ውስጥ ሞልቱን ሲፈልግ። ያኔ እጁ የገባው ጫማ ነበር፤ ከነእግሩ። አሁንም ላቡ ዓይኑ ውስጥ ይገባል።

«ተወው ጋሼ፣ በቃ» አለው ዲንሳ፤ ሳቁ ጠፍቷል።

አልተወም። ጎማው ሥር አንድ ቀጭን ነገር ጣቱን ወጋው። ስፕሪንጓ!

እጀታው ተገጠመ፤ ቁልፉ ተጫነ። ወጋየሁ መሪውን ሲጨብጥ የሌለው እግሩ ፍሪሲዮን ረገጠ። ምንም አልሆነም፤ መኪናዋ ቀስ ብላ ሄደች። ጎፋ ሲደርስ በልማዱ ወደ ረዳቱ ወንበር ዞር አለ። ሞልቱ የለም። ጸሐይወርቅ ዳሽቦርዱን በሁለት እጃቸው ይዘው ተቀምጠዋል። እንባውን እንዳያዩበት ፊቱን ወደ መንገዱ መለሰ።

ሲወርዱ «ነገ በጠዋት እንዳታረፍድ» አሉት። በቃ፣ ይኸው ነው!

በሉ ልሩጥ። ብርነሽ ነፋስ ስልክ የሰው ልብስ ላይ እንዳጎነበሰች ነው፤ ገና አልሰማችም፤ ሌላ ሰው በምሥራቹ ይቀድመኛል!