የሸማኔው ቀኝ ዐይን

አርባ ምንጭ ሆስፒታል፣ ዐይን ክፍል በነርስነት ሥራ የጀመርኩ ዕለት ኃላፊዬ ሲስተር አበበች ወረንጦ ሰጡኝ። «ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ ተቀልብሶ የሚወጋቸውን በሽተኞች ፀጉሩን ንቀልላቸው» አሉኝ። ትራኮማ ሲደጋገም የዐይንን ቆብ ወደ ውስጥ ያጥፈዋል፤ ፀጉሩ ብሌኑን ሲፍቀው ይኖርና ሰው ይታወራል። ስነቅል ዋልኩ።

«ተመልሶ ይበቅላል» አሉኝ ወደ ማምሻው። «መዳኛው ቀዶ ሕክምና ነው። የሚሠራው ሰው ግን የለንም።»

ከጊዜ በኋላ ክፍላችንን የሚረዳ የውጭ ድርጅት ዶክተር ማርታ የሚባሉ ሐኪም ላከ። ቆቡን ቆርጦ፣ ጠርዙን ወደ ውጭ ገልብጦ መስፋት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የሚያውቁት አማርኛ «ቀስ፣ ቀስ» ብቻ ነበር።

ከአርባ ምንጭ ርቃ ወደምትገኘው የገጠር ከተማ ወደ ካምባ ከዶክተር ማርታ ጋር በገበያ ቀን ወጣን። አቶ ጋልሶ የሚባሉ ሸማኔ ከሚስታቸው ከወይዘሮ ጫሬ ጋር መጡ። ሕመሙ የሁለቱም ነው። የአቶ ጋልሶ ግራ ዐይን ጠፍቷል፤ ቀኙንም ፀጉሩ እየወጋው ነበር።

«ዛሬውኑ እንሥራልዎት» አልኳቸው በጋሞኛ።

«ፈረንጅ ዐይን ታወጣለች ይባላል። ይቺም ከጠፋች በምን እሸምናለሁ?»

ወይዘሮ ጫሬ ነጠላቸውን አወለቁ። «መጀመሪያ እኔን ሥሩኝ። እኔ ብታወር እሱ ያበላኛል።»

ሠራኋቸው። በማግሥቱ ፋሻው ሲነሣ «አይወጋም» አሉና አለቀሱ።

አቶ ጋልሶ አመኑ። ግን ለልጃቸው ሠርግ የጀመሩት ጋቢ ነበር። «እሱን ልጨርስ፤ ስትመለሱ ትሠሩኛላችሁ» አሉ። ብንለምናቸውም እንቢ አሉ።

ዝናቡ መንገዱን ቆረጠው። ከወራት በኋላ ተከፍቶ ስንመለስ ሚስታቸው እጃቸውን ይዘው እየመሩ አመጧቸው። ቀኝ ብሌናቸው ነጥቷል። ዶክተር ማርታ በባትሪ አብርተው አዩና ያዩትን በእንግሊዝኛ ነገሩኝ።

«ምን አለች?» አሉኝ አቶ ጋልሶ።

«ሕመሙን እናስቆማለን። ማየቱ ግን አይመለስም።»

ፊታቸውን ወደ ሚስታቸው መለሱ። «እንግዲያው መውጋቱን አስቀሩልኝ» አሉ። ቆቡን ገልብጬ ሰፋሁላቸው።

ወደ አርባ ምንጭ ስንመለስ ዶክተር ማርታ ድርጅቱን ምን ልጠይቅላችሁ አሉኝ። የቀዶ ሕክምና ዕቃና ዕቃው ከጀርም የሚጸዳበት መቀቀያ ካምባ ይቀመጥልን፣ እኔም እዚያው ልኑር አልኳቸው። እሳቸው ተስማሙ። ሲስተር አበበች ግን «እዚህስ ማን ይሠራልኛል?» ብለው ተቆጡ። ኋላ ራሳቸው ወረንጦውን አንሥተው ቦታዬን ሸፈኑ።

ካምባ ስኖር ሁለት ጤና ረዳቶች አሠለጠንኩ። መንገዱ በተዘጋባቸው ወራትም ሥራው አልቆመም። የሚያመነታ ሰው ሲገኝ አቶ ጋልሶ ሚስታቸውን ይዘው ይመጡ ነበር። «እሷን እዩ፤ እኔንም እዩ» ይሏቸዋል።

ይህ ቀዶ ሕክምና ከባድ አይደለም። በሽተኛው ባለበት መሠራት አለበት፤ ዐይን መንገድ እስኪከፈት አይቆይም።