እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው

ባለፈው ሰሞን የጎረቤቴ ልጅ ወልዳ፣ አራስ ልጠይቅ ሀይሌ ጋርመንት ወዳለው ቤቷ ሄጄ ነበር። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብዬ፣ ገንፎዬን በልቼ፣ ወደ ሕፃኑ ዞር ስል ፊቱ በነጠላ ተሸፍኗል። እናቱ ገለጥ አላደረገችልኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። ዓይኔ ግን ከነጠላው አልነቀል አለ። ከንፈሩ ምን ይመስል ይሆን? እላለሁ በሆዴ። ይህን አመል ያስለመዱኝ ሲስተር ጥሩነሽ የሚባሉ ነርስ ናቸው።

የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በክረምት ነው። ያኔ ላፍቶ ገጠር ነበር ማለት ይቻላል። ከቤታችን እስከ አስፋልቱ ድረስ ጭቃው ጫማ ያወልቃል፤ ግራና ቀኙ የጤፍ ማሳ ነው። ምጡ ሲይዘኝ ባለቤቴ ሆስፒታል በጋሪ ነው ያደረሰኝ። ልጁ ጊዜው ሳይደርስ መጣ፤ ጭንቅላቱ ከብርቱካን ብዙም አይበልጥም። እኔም ራሴ ገና ልጅ ነበርኩ፤ ትምህርቴ ስሜን ከመጻፍ የማያልፍ። ሐኪም ከሚናገረው ግማሹ አይገባኝም። የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጄ አንዳንዴ መተንፈስ ይረሳል። «ይረሳል» ነው ያሉኝ። ሰው ደግሞ እንዴት መተንፈስ ይረሳል? ፍርሃቴ እንዳለ ሆኖ እሱም ይገርመኝ ነበር።

ከማሞቂያው ሳጥን ሲያወጡልኝ ደረቴ ላይ በጨርቅ አስረው አስታቀፉኝ። እኔም ወዲያው ፊቱን በነጠላዬ ሸፈንኩ። ክፍሉ ውስጥ ገቢ ወጪው ብዙ ነው፤ የማን ዓይን ምን እንደሆነ በምን ይታወቃል?

ሲስተር ጥሩነሽ የክፍሉ አንጋፋ ነበሩ፤ ወፈር ያሉ፣ ቀስ ብለው የሚራመዱ ሴት። ያን ሰሞን ሰናይት የምትባል፣ ከትምህርት ቤት የወጣች አዲስ ነርስ እንዲያለማምዱ ተሰጥታቸው ነበር። አለማመዳቸው ግን ለእኔ እንቆቅልሽ ሆነብኝ። አንድ ሕፃን ጋ በደረሱ ቁጥር «እጅ ወደ ኋላ!» ይሏታል። ሁለቱም እጃቸውን ከጀርባቸው አድርገው፣ ሳይነኩ፣ ሳይናገሩ፣ ቆመው ያያሉ።

«ፎቶ ሊነሱ ነው እንዴ የቆሙት?» አለች ከአጠገቤ የነበረች መንታ የወለደች ሴት። ሳቅን።

እኔ ጋ ሲደርሱ ግን ሳቄ ጠፋ።

«ምን አየሽ?» አሏት።

«ተኝቷል፣ ሲስተር።»

«እሱንማ እናቱም ታያለች። ከንፈሩስ?»

«ተሸፍኗል።»

ሰናይት ነጠላውን ልትገልጥ እጇን ስትሰድ ለቀም አደረግኳት። «ተዪው! ልጄን በዓይን ልታስበዪው ነው?»

ልጅቷ ደነገጠች። ሲስተር ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ እሷን ወደ መስኮቱ ወስደው በጆሮዋ የሆነ ነገር ነገሯት። ምን እንዳሏት ለመስማት ብዙ ጣርኩ፤ አልሆነልኝም። ሰናይት ተመልሳ በርጩማ ስባ፣ ከእኔ ዝቅ ብላ ተቀመጠች።

«የኔ እህት፣ የማንን ዓይን ነው የምትፈሪው?»

«የአላፊ አግዳሚውን ነዋ!»

«እንግዲያው ወንበርሽን ወደ ግድግዳው እናዙረው። በበሩ የሚያልፍ ሰው ጀርባሽን ብቻ ያያል። እኔ ግን ፊቱን ካላየሁት፣ መተንፈስ ሲረሳ በምን አውቃለሁ?»

ጥቂት አሰብኩ። «ስታዪው እትፍ እትፍ ትያለሽ?»

«እላለሁ።»

«ያለ ምራቅ ታዲያ!» አሉ ሲስተር ከኋላ። «ጀርም እንዳትረጪብኝ!»

ከዚያ ወዲያ ሰናይት በመጣች ቁጥር በደረቁ «እትፍ እትፍ» እያለች ታየዋለች። ልማዱ ለእኔም ተጋባብኝ። የደረቱን ከፍ ዝቅ፣ የከንፈሩን ቀለም፣ የአፍንጫውን መንቀሳቀስ ሳይ እውላለሁ። ባለቤቴ አጥሚት በፔርሙስ ይዞ ሲመጣ «ምን ታፈጪበታለሽ?» ይለኛል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሌላ ድምፅ አይሰማም ነበር። እኔ አጥሚቴን እየጠጣሁ ነው። ሰናይት መጣች፤ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ጎንበስ አለች። «እትፍ» ብላ ሁለተኛውን ሳትጨርስ «ሲስተር!» ብላ ጮኸች።

ዝቅ ብዬ ሳየው ከንፈሩ ጠቁሯል። ደረቱ አይንቀሳቀስም።

እኚያ ቀስ ብለው የሚራመዱ ሴት በሩጫ መጡ። መጥተው ግን ከሰናይት አጠገብ ቆሙ፤ እጃቸው ወደ ኋላ።

«ምን አየሽ?»

«ትንፋሹ ቆሟል።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ምን ቆመው ያያሉ? ይያዙልኝ እንጂ!» ብዬ ጮኽኩባቸው። ዘወር ብለውም አላዩኝም። ዓይናቸው ልጁ ላይ ነው። ሰናይት አንገቱን ቀና አደረገችው፤ ጀርባውን አሸት አሸት አደረገችው። ምንም። ውስጥ እግሩን በጣቷ መታ መታ አደረገችው። ምንም። እንደገና መታችው። ልጄ ፊቱን ጨማደደና እንደ ድመት ግልገል ቀጭን ድምፅ አወጣ። ከንፈሩ ቀስ በቀስ ቀላ።

ሰናይት አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ሲስተር ግን «ጎበዝ። በይ አሁን ሌሎቹን እዪ» ብቻ አሏት።

ዘወር ሲሉ ነው ያየሁት። ከጀርባቸው የነበረው እጅ ባዶ አልነበረም። ለሕፃን ትንፋሽ የሚሰጡባትን የላስቲክ ፊኛ፣ ጣታቸው እስኪነጣ ጨብጠው ነበር የቆሙት። ሰናይት እንዳታያት በጋውናቸው ከለል አድርገው ወደ መደርደሪያው መለሷት።

ዝናቡ ሲያባራ ጠየቅኳቸው። «ሲስተር፣ ፊኛዋን ይዘው ኖሮ ለምን ዝም አሉ?»

«ነገ እኔ እረፍት ብወጣስ?» አሉኝ። «ዛሬ ብቀማት ኖሮ፣ ነገ ልጅሽ ትንፋሹን ሲረሳ ቆማ እኔን ትጠብቃለች። በይ እንዳትነግሪያት።»

አልነገርኳትም።

ልጄ ዛሬ በራችን ሲገባ ጎንበስ ማለት ይኖርበታል። እኔ ግን እስካሁን የማይገባኝ ነገር አለ። ሲስተር እስከ የት ድረስ ይጠብቁ ነበር? ያን ልክ ማን አስተማራቸው? ያኔ መጠየቅ ነበረብኝ። ሰናይትም በዚህ ዕድሜዋ አዳዲስ ልጆች የምታለማምድ ሆና ይሆናል። ያን ቀን ብቻዋን እንደሠራችው እያመነች ትኖራለች፤ እውነቷንም ነው፣ የሠራችው ብቻዋን ነው። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው፤ አዲሷ ልጅ ፊት ስትቆም፣ እሷስ ከጀርባዋ ምን ይዛ ይሆን?