የስኳር ሰልፍ ያፈረስኩበት ጠዋት

ይህ ነገር የደረሰብኝ ዓምና ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው፤ አዋሳ ከመጣን ገና ሁለት ወር አልሞላንም ነበር። ባለቤቴ ነገሩ በተነሳ ቁጥር ይስቃል። እኔ ግን ለመሳቅ ጊዜ ወስዶብኛል። አንድ ሽማግሌ በእኔ ጥፋት እንጀራቸውን ሊያጡ ነበርና።

ባለቤቴ ዳንኤል የመንገድ ሥራ ቀያሽ ነው። መሥሪያ ቤቱ ለሥራ ወደዚህ ሲልከው ከተጋባን ብዙም አልቆየንም። እኔም ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ የሥራ ምደባዬን እጠባበቅ ስለነበር አብሬው መጣሁ። ተወልጄ ካደግሁበት ከአዲስ አበባ ወጥቼ ስኖር ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ከመናኸሪያው ብዙም ሳይርቅ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት አገኘን። ዳንኤል ሰኞ ማለዳ በመሥሪያ ቤቱ መኪና ገጠር ይወጣል፤ ቅዳሜ ከሰዓት ይመለሳል። ከተማውን ወድጄዋለሁ። መንገዱ ሰፊ ነው፣ ብስክሌቱ ብዙ ነው፣ ወደ ማታ ከሐይቁ በኩል የሚመጣው ነፋስ ደስ ይላል። የቸገረኝ ሰው ነው። ሰው ክፉ ሆኖብኝ አይደለም፤ እኔ ዓይናፋር ስለሆንኩ ነው። መንገድ ላይ ጎረቤት ሳገኝ አንገቴን ደፍቼ፣ ለራሴም በማይሰማ ድምፅ ሰላም ብዬ አልፋለሁ። አጥራችን ላይ እየመጣ የሚቆም አንድ አባ ኮዳ የሚሉት የሐይቅ ትልቅ ወፍ ነበር። እሱ እንኳ ትኩር ብሎ ሲያየኝ ቀድሜ ዓይኔን የምሰብረው እኔ ነኝ።

አንድ ቀን አጥር የምንጋራው አስቴር የምትባል ነርስ ልብስ ሳሰጣ ጠራችኝ።

«አትቀየሚኝና አንድ ነገር ልንገርሽ። የአዲስ አበባዋ ኩራተኛ ናት እያሉሽ ነው።»

«እኔ?»

«ሰው ቤት አትገቢ፣ ቤትሽ ሰው አይገባ። ታዲያ ምን ይበሉ?»

ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ክፍል ውስጥ እጄን ማውጣት ፈርቼ የማውቀውን ሳልመልስ የቀረሁባቸው ቀናት ብዙ ናቸው፤ ኩራተኛ ያለኝ ግን አልነበረም። የዳንኤል ሥራ እስኪያልቅ እናቴ ዘንድ ብቀመጥ እንደሚሻል አሰብኩ። ቅዳሜ ሲመጣ ልነግረው ወሰንኩ።

ያች ቅዳሜ ደግሞ የቀበሌያችን ሱቅ ስኳር የሚያድልባት ቀን ሆነች።

አዲስ አበባ ሳለን ቀበሌ ሱቅ የምትሄደው እናቴ ነበረች። እኔ የተማሪዎች ማደሪያ ነው የኖርኩት። ሰልፍ ሲባል የማውቀው ሰው ከሰው ኋላ ሲቆም ነው። ሰው ሳይበዛ ደርሼ፣ ማንንም ሳላነጋግር ስኳሬን ይዤ ልመለስ ብዬ ገና ጎህ ሲቀድ ወጣሁ።

ሱቁ ጋ ስደርስ ማንም የለም። አንደኛ ነኝ ማለት ነው! በጣም ደስ አለኝ።

የሱቁ ደጅ ግን በኮተት ተሞልቷል። ከበሩ አንስቶ እስከ አጥሩ ጥግ ድረስ ድንጋይ፣ የጡብ ስባሪ፣ የተቀደደ ቅርጫት፣ አንድ እግር ኮንጎ ጫማ፣ ክዳን የሌለው ማንቆርቆሪያ፣ የዱቄት ወተት ጣሳ ተዝረክርኳል። ልብ ብዬ ባየው ኖሮ አንዱ ከአንዱ ኋላ ተከታትሎ መቀመጡን አስተውል ነበር። አላስተዋልኩም።

ባለፈው እሁድ በቀበሌው ስብሰባ ላይ የሱቁ ኮሚቴ ሰብሳቢ ስለ ጽዳት ዘመቻ ረጅም ንግግር አድርጎ ነበር። «እያንዳንዱ ነዋሪ ቀስቃሽ ሳይጠብቅ ያየውን ቆሻሻ ያንሳ» ብሏል። እኔም ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ሰምቻለሁ። አሁን ይህን ሳይ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። አፌን ሳልከፍት ለሰፈሩ የምሠራው በጎ ሥራ አገኘሁ! ሰው ሲመጣ ደጁን ጸድቶ ያገኘዋል። ኩራተኛ አለመሆኔንም ሥራዬ ይናገርልኛል።

ነጠላዬን አደግድጌ ጀመርኩ። ድንጋዩን አንድ በአንድ እያነሳሁ አጥሩ ሥር ከመርኩት፤ እንዳይናድ ትልልቁን ከታች፣ ትንንሹን ከላይ አድርጌ። አንዳንዱ ከሐይቁ ዳር የሚገኘው ብን ብሎ የሚነሳ ቀላል ድንጋይ ስለሆነ ብዙም አላደከመኝም። ቅርጫቱን፣ ጫማውን፣ ማንቆርቆሪያውንና ጣሳውን ቆሻሻ ጉድጓድ ውስጥ ጨመርኳቸው። እጄን አራግፌ፣ ከረጢቴን ይዤ በሩ ፊት አንደኛ ሆኜ ቆምኩ።

መጀመሪያ የመጡት ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡት እትዬ ሸምሲያ ናቸው። ደጁን ሲያዩ ቀጥ አሉ።

«ድንጋዬስ?» አሉ።

ለማን እንደሚናገሩ አልገባኝም። ከኋላቸው ሌሎች ሴቶች መጡ። «ጡቤ የት ሄደ?» አለች አንዷ። «ማንቆርቆሪያዬን እዚህ ነበር ያስቀመጥኩት!» አለች ሌላዋ። ትንሽ ቆይቶ ደጁ በሰው ተሞላ፤ ሁሉም የሚጠይቀው ስለ ድንጋይ ነው።

ያን ጊዜ ገባኝ። ሰዎቹ ጎህ ሳይቀድ መጥተው ተራቸውን ይዘዋል። ተራቸውን በድንጋይና ባገኙት ዕቃ አስይዘው፣ ልጆቻቸውን ቁርስ ሊያበሉ ወደየቤታቸው ተመልሰዋል። እኔ ያነሳሁት ቆሻሻ አልነበረም። የሰፈሩን ሰልፍ በሙሉ ነው አንስቼ አጥር ሥር የከመርኩት። ይባስ ብሎ እኔው ራሴ አንደኛ ሆኜ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።

ልናገር አፌን ከፈትኩ። የእኔ ድምፅ በዚያ ጫጫታ ውስጥ ጠፋ።

በዚህ መሃል የኮሚቴው ሰብሳቢ ደረሰ። የሆነውን ሲሰማ የሱቁን ዘበኛ አባባ ላንቃሞን አስጠራ። አባባ ላንቃሞ ከሲዳማ ገጠር መጥተው ሱቁ ከተከፈተ ጀምሮ እዚያው የሚጠብቁ ሽማግሌ ናቸው። ከቧንቧው ወረፋ ጠብቀው ፊታቸውን ታጥበው ሲመለሱ ውሃው ገና ከጢማቸው ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

«አቶ ላንቃሞ፣ ይህን ሰልፍ ማን አፈረሰው?»

«እኔ አላውቅም፣ ጓድ። ፊት ልታጠብ ሄድኩ። ስሄድ ድንጋይ አለ፣ ስመጣ ድንጋይ የለም።»

«እርስዎ እያሉ ማን ይነካል? ለሚያውቁት ሰው ቦታ ሊያመቻቹ ነው!»

«አሻጥር ነው!» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

ቃሉ ሰው የሚያሳስር እንጂ እንደ ቀልድ የሚነገር አይደለም። ጫጫታው ወዲያው ቀነሰ። ሰብሳቢው እጁን ዘረጋ። «ፊሽካውን ያስረክቡ። ነገሩ ለቀበሌው ሪፖርት ይደረጋል» አለ። አባባ ላንቃሞ በአንገታቸው ያንጠለጠሉትን ፊሽካ ሊያወልቁ ወደ ላይ ሳቡት። ክሩ ቆባቸው ላይ ተያዘባቸው። ሊያላቅቁት ሲታገሉ አየሁ።

እኔን ማንም አልጠረጠረኝም። ዝም ብል ማንም ሳያውቅብኝ ይቀር ነበር። ግን ያን ክር ማየት አልቻልኩም።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ማነው የተናገረው?» አለ ሰብሳቢው።

«ጮክ በይ እስቲ፣ ልጄ!» አሉ እትዬ ሸምሲያ።

«እኔ ነኝ ያነሳሁት! እሳቸው አላዩኝም። ቆሻሻ መስሎኝ ነው።» እንደዚያ ጮኼ የማውቅ አይመስለኝም።

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከዚያ አጥሩ ሥር በሥርዓት የተከመረውን ድንጋይ አየ። እንደገና እኔን አየ።

«ቆሻሻ?» አሉ እትዬ ሸምሲያ ወገባቸውን ይዘው። «የኔን ድንጋይ ነው ቆሻሻ ያልሽው? ስንት ወር ስኳር ያበላኝን ድንጋይ?»

«ማንቆርቆሪያዬስ?» አለች ባለ ማንቆርቆሪያዋ።

«ጉድጓድ ውስጥ ጨመርኩት» አልኩ። እንባዬ መጣ።

አንዲት ሴት ሳቋ አመለጣት። ሌላዋ ተከተለች። ሰብሳቢው ግን ፊቱን አልፈታም። «የሚያስቅ ነገር የለም። ሰልፍ አፍርሶ አንደኛ መቆም…» ብሎ ሲጀምር እትዬ ሸምሲያ አላስጨረሱትም።

«ጓድ፣ ቀስቃሽ ሳትጠብቁ ቆሻሻ አንሱ ብለህ እሁድ ጉሮሮህ እስኪደርቅ የጮኽከው አንተ አይደለህም? ከዚህ ሁሉ ሕዝብ ወላሂ አንዲት ሰው ሰማችህ! እሷንም ልትከሳት ነው?»

ደጁ በሳቅ ተናጋ። ሰብሳቢው ሊኮሳተር ሞከረ፣ አልቻለም። ፊሽካውን ከአባባ ላንቃሞ እጅ ወስዶ መልሶ በአንገታቸው አጠለቀላቸው። «ይቅርታ አባባ» አላቸው። እሳቸው ወደኔ መጥተው ራሴን ዳሰስ አደረጉኝና «አይዞሽ፤ ደጁ ግን ጸድቷል» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ የፈረሰውን ሰልፍ ማን ይሥራው የሚል ነገር ተነሳ። «ያፈረሰችው ትሥራው!» ብለው ፈረዱብኝ። እትዬ ሸምሲያ ዘዴውን አመጡ፤ ሰው የራሱን ቦታ ሳይሆን ከፊቱ የነበረውን ሰው ይናገር አሉ። ስለዚህ እኔ ድንጋይ ታቅፌ «ይህ የማን ነው? ከፊትዎ ማን ነበር?» እያልኩ ከአንዱ ወደ አንዱ መዞር ሆነ ሥራዬ። ማፈሪያ ጊዜ እንኳ አጣሁ።

«ይሄ የኔ ነው» ትላለች አንዷ።

«ያንቺ ድንጋይ መቼ እንደዚህ ወፍሮ ያውቃል?» ትላታለች ሌላዋ።

«ስኳር በልቶ ነዋ!»

ጉድጓዱ ውስጥ ገብቼ ማንቆርቆሪያውንና ኮንጎ ጫማውን ያወጣሁት ራሴ ነኝ። ሰልፉ ተሠርቶ ሲያልቅ የሁሉንም ሴቶች ስም አውቄ ነበር። ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈች፣ የማን ልጅ ብሔራዊ ውትድርና እንደሄደ፣ ማን በቅርቡ እንደምትወልድ ሳይቀር።

እኔ መጨረሻ ላይ ቆምኩ። በሩ ላይ ስደርስ ስኳሩ አለቀ።

«እንግዲህ ለቅጣትሽ» አሉ እትዬ ሸምሲያ፣ «ከሰዓት አንቺ ቤት ሻይ እንጠጣለን። ስኳር እንደሌለሽ እናውቃለን፤ ይዘን እንመጣለን።»

የምር አልመሰለኝም። ከሰዓት ግን መጡ። የነበረን ብርጭቆ አራት ብቻ ስለነበር አስቴር የራሷን በአጥር ላይ አቀበለችኝ። ቀጥላ እሷም ዞራ መጣች። ዝናብ ስለጣለ ጭቃ የነካውን ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው አንዳንዱ አልጋ ላይ፣ አንዳንዱ ወለል ላይ ተቀመጡ። እትዬ ሸምሲያ ድንጋይ ታቅፌ ስዞር የነበርኩትን እያስመሰሉ ሲያሳዩ ሴቶቹ በሳቅ ይጮኹ ነበር።

ዳንኤል ከገጠር የደረሰው ይህን ጊዜ ነው። በራችን ላይ የተደረደረውን የሴት ጫማ አየ፤ ከውስጥ ጩኸት ሰማ። ኮፍያውን አውልቆ፣ አመድ መስሎ ገባ።

«ማነው የሞተው? እናቴ ናት?»

ነገሩ መጀመሪያ የገባቸው እትዬ ሸምሲያ ናቸው።

«አይዞህ ልጄ፣ ቤተሰብህ ደህና ነው። ሚስትህ ድንጋያችንን ገድላብን ለቅሶ ተቀምጠን ነው። ቁጭ በልና አስተዛዝነን!»

ምስኪኑ ባሌ ምንም ሳይገባው ሻይ ተሰጠው። ሴቶቹ ወጥተው ሲያልቁ በሩን ዘግቶ እየሳቀ ጠየቀኝ፤ ሁሉንም ነገርኩት። እናቴ ዘንድ ልሂድ የሚለውን ግን ሳልነግረው ቀረሁ። ይኸው ዓመት አለፈው፣ አልነገርኩትም። ይህን ካነበበ አሁን ያውቃል።

ያ ቀን ዓይናፋርነቴን አልፈወሰልኝም። ዛሬም ስብሰባ ላይ የምቀመጠው ከኋላ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ባሏን ተከትላ የመጣች አዲስ ሰው መኖሯን ስሰማ ግን ሄጄ በሯን አንኳኳለሁ። ስትከፍትልኝ የምናገረው ይጠፋኛል፤ ሁልጊዜም ይጠፋኛል። ቆም ብዬ ፈገግ እላለሁ። እስካሁን ግን ግቢ ሳትለኝ የቀረች የለችም።