የአከራዬ ልጅ አምፕሊፋየር

ወረታ፣ እሑድ፣ የኅዳር ወር፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ። የአምፕሊፋየሩ መብራት በራ፤ ድምፅ ግን አልወጣም።

ዓመቱ ከዘጠናዎቹ አንዱ ነበር። የሞባይል ስልክ ከተማዋ ገና አልደረሰም። እኔ ከአዲስ አበባ ተዛውሬ የአካባቢውን ዜና እየሰበሰብኩ እልክ ነበር። የምኖረው ከደብረ ታቦር መገንጠያ ትንሽ ገባ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ፣ በአንዲት የኪራይ ክፍል ነው። በሥራ ቀን ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ስዞር ይመሻል። እሑድ ግን የምጠብቀውም የሚጠብቀኝም ሰው የለም። ሸሚዜን አጥቤ፣ ጫማዬን ወልውዬ፣ ቴፔን እከፍትና በሳምንቱ የቀዳሁትን ቃለ ምልልስ እሰማለሁ። ዜና የማይወጣውንም ደግሜ እሰማው ነበር፤ ክፍሉ ውስጥ ሰው ሲያወራ ለመስማት ብቻ።

አከራዬ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ትውልዳቸው ቁሐር ሚካኤል የሆነ ሴት ነበሩ። አንድ ልጅ አላቸው። ኦርጋን ተጫዋች ነበርና ለሠርግ እስከ ሐሙሲት ድረስ ይጠሩት ነበር። እኔ ከመምጣቴ በፊት በመተማ በኩል ሱዳን ገብቷል። ሲሄድ ኦርጋኑንና በእጅ የምትያዘዋን አምፕሊፋየር ለእናቱ ትቷል። ላንቺ የሠራኋቸው ዜማዎች ኦርጋኑ ውስጥ ተቀድተዋል፣ የሚያውቅ ሰው ፈልገሽ አስከፍተሽ ስሚያቸው፣ ብሏቸዋል። አንድ ጎረቤት ሊከፍት ሞክሮ ገና ከመሰካቱ የአምፕሊፋየሩ ፊውዝ ተቃጠለ። ከዚያ ወዲያ ዕቃውን ለማንም አላስነኩም። ከእጄ የማይለየውን ቴፕ ሲያዩ ከርመው አንድ ቀን በሬ ላይ ቆሙና የልጃቸውን ድምፅ አወጣላቸው እንደሆነ ጠየቁኝ። ቃላቸው እንዲሁ ነበር፤ የልጄን ድምፅ አሉ።

ፊውዙን ቅዳሜ ቀየርኩ። መሞከሪያውን ለእሑድ ያቆየሁት በምክንያት ነው። ሩዝ የሚገባበት ሰሞን ስለነበር በሥራ ቀን መፈልፈያዎቹ ሲነሱ የግቢያችን አምፖል ደክሞ ይቀላል። እሑድ መፈልፈያ አይሠራም።

ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ኦርጋኑን ከተጠቀለለበት ጋቢ ፈትተው አወጡልኝና ነጠላቸውን እንደለበሱ ዱካ ላይ ተቀመጡ። የኦርጋኑ የራሱ ስፒከር ተቀዷል፤ ያለ አምፕሊፋየሩ አይሰማም። አምፕሊፋየሩ ግራና ቀኝ ሁለት ስፒከር ያለው አንድ ሳጥን ነው። ከኦርጋኑ ጀርባ ሁለት ገመድ ወጥቶ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ ይገባል። ሰካሁ፤ ቁልፎቹን ተጫንኩ፤ ምንም።

ዜና ሳጣራ እንደማደርገው አንድ አንድ ነገር ብቻ እየለወጥኩ ፈተሽኩ። ቴፔን በራሴ ገመድ ከአምፕሊፋየሩ ጋር ሳገናኘው በግራም በቀኝም ጮኸ። ስለዚህ አምፕሊፋየሩ ጤነኛ ነው። የልጁን ገመዶች ነቅዬ ጫፋቸውን ሳየው ጠቁሯል፤ ጣት ላይ ይጣበቃል። ምን እንደነካው ጠየቅኳቸው። እንዳይዝግ ብለው ኑግ ቀብተውታል። ማጭድም ከአጨዳ በኋላ የሚቀመጠው እንዲሁ ነው አሉኝ። ዘይቱ ደርቆ ብረቱ ላይ ቆዳ ሠርቷል።

አልኮል ጠየቅኩ። ስላልነበረ ከጓዳ አረቄ ይዘው መጡ። ከጎኔ ያለውን ክፍል የተከራየው የጎጃም ሰው፣ አስተማሪ ነው፣ ግቢው ውስጥ ልብስ እያጠበ ነበር።

“እትዬ፣ ለእኔ የለም ያሉኝ አረቄ ለማሽን ተገኘ?”

“ማሽኑ ጠጥቶ አይለፈልፍብኝም። ዝም ብለህ እጠብ።”

ጫፎቹን በአረቄ ጠርጌ፣ ቀዳዳቸው ውስጥ እያሽከረከርኩ መልሼ ሰካኋቸው። መጀመሪያ ቀኙ መጣ። ግራው ትንሽ ከተንጫጫ በኋላ ተከተለ። አንድ ቁልፍ ስጫን ግቢው ሞላ። አከራዬ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ስፒከሩ ዞሩ።

የተቀዳውን የሚያጫውተውን ቁልፍ ተጫንኩ። ዝም አለ። የመቅጃ ቦታዎቹን አንድ በአንድ አየሁ፤ ሁሉም ባዶ ናቸው። አጠገቡ ያለውን ቁልፍ ስሞክር ከበሮና መለከት ያለበት ፈጠን ያለ ሙዚቃ በሁለቱም ስፒከር ወጣ። አከራዬ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። አስተማሪው ማጠቡን አቆመ።

“እሱ ነው?” አሉኝ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ገዢ እንዲሰማው ከኦርጋኑ ጋር አብሮ የሚመጣ ሙዚቃ ነበር። አዎ ብላቸው የሚያስተባብል ሰው እዚያ አልነበረም።

“አይደለም” አልኳቸው። “ፋብሪካው የጨመረው ነው።”

እስኪያልቅ ድረስ አዳመጡት።

ኦርጋኑን ገልብጬ የባትሪውን ክዳን ከፈትኩ። ድንጋይ የለበትም። ከክዳኑ ሥር በእንግሊዝኛ ተጽፏል፤ ድንጋዩ ከወጣና መብራት ከሌለ የተቀዳው ይጠፋል ይላል። ድንጋዮቹ የት እንዳሉ ስጠይቃቸው ወደ አጥሩ ጠቆሙኝ። ግንቡ ላይ ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ። ለራዲዮ ድንጋይ ሁሉም ሰው የሚያደርገው ነበር፤ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ትንሽ ነፍስ ይዘራል። እሳቸው ግን እስኪደክም አልጠበቁም። ልጃቸው ሲመጣ ደክሞ እንዳያገኘው ከሄደበት ሳምንት ጀምሮ እሑድ እሑድ ያወጡታል፤ በጨርቅ ወልውለው ሙዳይ ውስጥ ያስቀምጡታል። ሄጄ ስነካቸው ሞቀዋል።

ተመልሼ የተጻፈውን ነገርኳቸው።

“ሁሉም ጠፋ?”

“ሁሉም።”

“ያኔ፣ መጀመሪያ ሳወጣው?”

“አዎ፣ ያኔ።”

ገመዶቹን ራሳቸው ነቅለው ጠቀለሉ። ኦርጋኑን በጋቢው ሸፈኑና ወደ ቤት አስገቡ። አስተማሪው ልብሱን አስጥቶ ክፍሉ ገባ። እኔም ገባሁ፤ የዚያን ቀን ቴፔን አልከፈትኩም።

ጥምቀት ሲቃረብ ከስልክ ቤት መልእክት መጣላቸው፤ ልጃቸው ከካርቱም ሊደውል ነው። አብሬያቸው እንድሄድ ጠየቁኝና ሄድኩ። የስልኩ ክፍል በር አይገጥምም፤ ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ የእሳቸውን ንግግር እሰማ ነበር። ጤናውን ጠየቁ። ከብቶቹ ደህና መሆናቸውን፣ ወንድማቸው ዘንድሮ ጥሩ ሩዝ ማስገባታቸውን ነገሩት። ከዚያ እሱን አዳመጡ።

“ሰማሁት እንጂ” አሉ። “ጋዜጠኛው ከፈተልኝ። ሁሉንም ሰማሁት፣ ልጄ።”

እንደገና አዳመጡ።

“የቱን ብዬ ልምረጥልህ? ሁሉም ደስ ይላል።”

መስመሩ ተቋረጠ። ኦፕሬተሯ መልሳ ሞከረች፤ አልተገኘም።